የስንዱ ቀይ እርሾ

እልኸኛ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከሰው አፍ ከምትሰሙት ከራሴ አፍ ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው። መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ መጥታችሁ "ዘነበች" ብላችሁ ብትጠይቁ "ያቺ ከቄሱ ብሳ የምትጾመዋ?" ይሏችኋል። ውሸት አላሉም።

ነገሩ የሆነ ጊዜ ባሌ ከሞተ ሰባት ዓመት አልፎኝ ነበር። ልጆቼ ሁለት ናቸው። ታላቅየው ጌታሁን ደብረ ብርሃን እንጨት ሥራ ይሠራል። ታናሺቱ ስንዱ ስለ እንስሳት እርባታ ተምራ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ ሥራ ብታጣ ወደ እኔ ተመልሳ አብረን ዶሮ እናረባ ነበር። ስድሳ የፈረንጅ ዶሮ ነበረን።

ስንዱን ልቧን ያማታል። ትንሽ ሳለች ጉሮሮዋን እያመማት፣ ጉልበቷ እያበጠ ስትሰቃይ፣ እኛ "ብርድ ነው" እያልን ቅቤ ስንቀባት፣ ለካ በሽታው ወደ ልቧ ይገባ ኖሯል። "የልቧ በር እንደ ደንቡ አይዘጋም" አሉን ሐኪሞቹ። ዳገት ስትወጣ ሦስት ጊዜ ታርፋለች። እንደዚያም ሆና ሳቂታ ነበረች።

የዶሮዎቹ ችግር አስኳላቸው ነበር። ብርዱንና ሸለመጥማጡን ፈርተን የድንጋይ ቤት ውስጥ ስለምንዘጋባቸው ሣር አያዩም። የሚበሉት ገብስና ፉርሽካ ነው። ቢጫ በቆሎ እንዳንሰጣቸው በኛ አገር ብርድ አይበቅልም። እንቁላሉ ትልቅ ነው፣ ቅርፊቱ ቡናማ፣ ሲያዩት ደስ ይላል። ሲሰብሩት ግን አስኳሉ የነጣ ነው። ገበያ ላይ ሴቶቹ "የዘነበች እንቁላል ደም የለውም" ይሉኛል። ስድቡ ለእንቁላሉ ይሁን ለኔ አላውቅም።

ስንዱ መድኃኒቱን ይዣለሁ ብላ አንድ ጠርሙስ አሳየችኝ። ታች የረጋ ቀላ ያለ ነገር አለበት።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኳት።

"እርሾ ነው፣ እማዬ።"

"እርሾ ቀይ ሆኖ ያውቃል? ሻግቶብሽ ነው።"

"አልሻገተም፤ ቀለሙ የራሱ ነው። ጓሳ ተራራ፣ አስታ የሚሉት ቁጥቋጦ ቅርንጫፍ ላይ ነው ያገኘሁት። ከመምህሬ ጋር ከስንት ዓይነት ሻጋታ ለይተን ነው ያወጣነው። ዶሮ ስትበላው ቀለሙ አስኳሉ ውስጥ ይገባል።"

"ቀለም ከፈለግሽ በርበሬ አትሰጫቸውም?"

"በርበሬም ይሆናል። ግን ለኛ ወጥ ያልተረፈ በርበሬ ለስድሳ ዶሮ ከየት ይመጣል?" አለችና ሳቀች።

መምህሯ ዘንድ የነበረው እርሾ ሞቶ ስለነበር በሕይወት የቀረው ያ የኛ ቤቱ ብቻ ነበር። ስንዱ አጓት ታፈላለች፣ ታቀዘቅዘዋለች፣ የብቅል ውሃ ትጨምርበታለች፣ ከዚያ ከጠርሙሱ ጥቂት ጠብ አድርጋ ማሰሮውን በነጭ ጨርቅ ትሸፍነዋለች። በሦስተኛው ቀን ይቀላል። ሌላው እርሾ በመንዝ ብርድ ሲተኛ ይሄኛው ብርዱን ይወደዋል። ታች የረጋውን ቀቅላ፣ አድርቃ፣ ከመኖው ጋር ታሻቸዋለች። በየሁለት ቀኑ ደግሞ አዲስ አጓት ታጠጣዋለች፤ "አጠጣሁት" ነው የምትለው፣ ጥጃ ይመስል።

በሁለተኛው ሳምንት ላይ አንድ እንቁላል ሰበርን። አስኳሉ ብርቱካን መስሎ ሳሕኑ ላይ ተቀመጠ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ስንዱ መምህሯ የሰጣትን የቀለም መለኪያ አወጣች። እንደ ማራገቢያ የሚዘረጋ ፕላስቲክ ነው፤ ምላሶቹ ከአንድ እስከ አሥራ አምስት ቁጥር አላቸው። አንዱ የነጣ፣ አሥራ አምስቱ የቀላ። ዱሮ የኛ እንቁላል አራት ነበር። ያን ቀን አሥራ ሁለት ሆነ።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት አንድ እንቁላል እየሰበረች ቁጥሩን በደብተር ትጽፍ ጀመር። መምህሯ ከፋሲካ በኋላ ሊመጣ ቀጠሮ ሰጥቷታል። ቀን ሳይዘለል የተጻፈውን አይቶ፣ እርሾውንም አይቶ፣ ሥራዋን ለዩኒቨርሲቲው ሊያቀርብላት፣ እሷንም ሊያስቀጥራት ነው። "እማዬ፣ ይሄ እርሾ ከኔ ልብ በላይ ጠንካራ ነው" ትለኝ ነበር። ሰው ሁሉ ያለፈባት ልጅ ነች ሲላት አንድ ነገር ይዛ ነበር።

ሁዳዴ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ዕለት እግሯ አበጠ፣ ትንፋሿም አጠረ። ጌታሁን መጥቶ ወደ ደብረ ብርሃን ሊወስዳት ሆነ። ነጠላዬን አንስቼ ልከተል ስል ከሚኒባሱ ውስጥ እጄን ያዘችኝ።

"አትምጪ፣ እማዬ። አንቺ ከመጣሽ እርሾዬ ይሞታል። ከጌታሁን ጋር ነኝ። አሥር ቀን ቢሆን ነው፣ መድኃኒቱን ጨምረው ይመልሱኛል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እደውላለሁ፣ ቁጥሩን ትነግሪኛለሽ፣ እጽፈዋለሁ።"

"እሺ።"

"አደራ በይ።"

"አደራ አልኩሽ እኮ። የምድር የሰማይ አደራ።"

ቅዳሜ እርሾውን አጠጣሁት። የዚያኑ ቀን ከሰዓት ጌታሁን ደወለ። "እናቴ፣ ኦክስጅን አድርገውላታል። ጸልዪ" አለኝ። ስልኩን እንደያዝኩ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ነው ከአፌ የወጣው። "እመቤቴ፣ ልጄን ብታተርፊልኝ ይህን ሁዳዴ ቤቴ የፍስክ ሽታ አይገባበትም። ቤቴን አጥቤ፣ አንጽቼ እጠብቅሻለሁ" አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከተሳልኩ በኋላ ነው ጓዳ ያለው አጓት ትዝ ያለኝ።

እሑድ ቅበላ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባቴን መምሬ ጥላሁንን ከደጀ ሰላሙ ጠበቅኳቸው።

"አባቴ፣ ቤቴ አጓት አለ። የስንዱ ነው፤ የዶሮ መኖ የምትሠራበት።"

"ትጠጭዋለሽ?"

"ኧረ እኔስ አልጠጣም።"

"እንግዲያ ምን አስጨነቀሽ? ለዶሮ ጾም አልተሠራላትም።"

"ስለት ተስያለሁ እኮ፣ አባቴ። የፍስክ ሽታ ቤቴ አይገባም ብያለሁ።"

መምሬ ጥላሁን መቋሚያቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ። "ዘነቡ፣ ስለቱን ለኔ ተይው፣ በጸሎት እይዝልሻለሁ። ካስፈራሽ ማሰሮውን ዶሮ ቤት አውጪው። አንቺ የልጅቷን አደራ ጠብቂ" አሉኝ።

እሺ አልኳቸው። መስቀላቸውን ተሳለምኩ። መንገድ ላይ ግን ልቤ እሺ አላለም። ዶሮ ቤት ባወጣውስ የማፈላው በማን ምድጃ ነው? ስለት በግማሽ አለ እንዴ? እመቤቴ ልጄን በግማሽ ታድንልኝ? እንዲህ እያልኩ ቤት ደረስኩ። ካለበት የተጋባበት የሚባለው እንደኔ ያለው ነው፤ ቄሱ የፈቱትን እኔ አሰርኩት።

ዕቃውን ሁሉ በአመድ ፈተግሁ። የቅቤውን ቅል፣ የወተቱን ዕቃ፣ የአይቡን ወንፊት አወጣሁ። በቆርቆሮ የነበረውን የደረቀ እርሾ ለዶሮዎቹ አራግፌ ጨረስኩት። መጨረሻ ላይ ማሰሮው ቀረ። ጨርቁን ገለጥኩት። ቀልቶ፣ ረግቶ፣ ዝም ብሎ ተቀምጧል። የበሰለ ፍሬ የሚመስል ሽታ ነበረው። አንዴ አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። "ስንዱ፣ አንቺ ከተረፍሽ እርሾ ይገኛል" አልኩ፣ አጠገቤ ያለች ይመስል። ከዚያ ወደ ጓሮ ወስጄ ደፋሁት። ማሰሮውን በፈላ ውሃ አጠብኩት፣ ጠርሙሷንም አጠብኩት፣ ነጩን ጨርቅ ቀቀልኩት። አጠባ አልወድም እንዴ፣ አንዲት ጠብታ አላስቀረሁም።

እጄን ሳላደርቅ ስልኩ ጮኸ። ጌታሁን ነው። "ዛሬ ተሽሏታል፣ እናቴ። ኦክስጅኑን አንስተውላታል።"

ተንበርክኬ መሬት ሳምኩ። ስለቴ ሠመረ አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ያደርኩበትን ቀን አላስታውስም፣ ይኸው ነው እውነቱ።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስንዱ ራሷ ደወለች። "እማዬ! አጠጣሽው?"

እውነቱ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ድምጿን ስሰማ ግን ፈራሁ። ገና ትናንት ከሞት የተመለሰችን ልጅ በአንድ ቃል መልሼ ልጥላት?

"አጠጥቼዋለሁ።"

"ቁጥሩስ?"

እንቁላሉን ሰብሬ መለኪያውን አስጠጋሁ። "አሥራ ሁለት።" ይሄ እውነት ነበር። ዶሮዋ የበላችው ገና ከሆዷ አልወጣም። ማክሰኞም አሥራ ሁለት ሆነ። እኔ ደግሞ፣ ነገሩን የማላውቅ ቂል፣ አንዴ የገባ ቀለም ይቆያል ብዬ ልቤን ሞላሁ።

ረቡዕ ስሰብረው አሥራ አንድ ሆነ። "ስንት ነው?" አለችኝ። "አሥራ ሁለት" አልኳት። ሐሙስ አሥር ሆነ፤ አሥራ ሁለት አልኳት። ዓርብ ዘጠኝ። እሑድ ሰባት። የልጄ ሥራ በየቀኑ ሳሕን ላይ ሲነጣ ቆሜ አየሁ፣ እኔም በየቀኑ አሥራ ሁለት አልኩ። በጾም አይበላ ነገር የሰበርኩትን እያንዳንዱን እንቁላል ለጎረቤት ውሻ ሰጠሁ።

ጌታሁን "ለምን አትመጪም? ዶሮዎቹን ጎረቤት ይይዝልሻል" ይለኛል። "እርሾውን ማን ያጠጣዋል?" እለዋለሁ። አያችሁልኝ? የደፋሁትን እርሾ እየጠበቅሁ ከልጄ ቀረሁ። እውነቱ ግን ፊቷን ማየት ፈርቼ ነበር። በስልክ መዋሸት ይቻላል፤ ስንዱ ዓይኔን ካየች አለቀልኝ። እስክትመለስ አንድ ነገር ይገኛል፣ ጓሳ ሄጄም ቢሆን እፈልጋለሁ እያልኩ ቀኑን ገፋሁት።

በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ ማለዳ ጌታሁን ደወለ። ድምፁ የሱ አይመስልም። "እናቴ፣ ዛሬ ነይ። ዛሬውኑ።"

ያን ጠዋት የሰበርኩት እንቁላል አራት ነበር። ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ፤ እስካሁን የማፍርበት ነው። ልጄ ተጨንቃለች ተብሎ ተጠርቼ፣ ሚኒባስ ከመያዜ በፊት እትዬ አስካለ ጋ ሮጥኩ። ጎረቤቴ ናቸው፣ ዶሮዎቻቸው ወንዝ ዳር ሣር ሲለቅሙ የሚውሉ የሐበሻ ዶሮዎች ናቸው። "እትዬ፣ አንድ እንቁላል ይስጡኝ፣ ቡናማ መሳይ ካለ" አልኳቸው። "በጾም ምን ሊሆንሽ?" አሉኝ። "ለመድኃኒት ነው" አልኩ። ቡናማ የሚመስለውን መርጬ በገብስ ገለባ ጠቅልዬ፣ መለኪያውን ጨምሬ መንገድ ገባሁ። መንገዱን ሙሉ እንቁላሉን በደረቴ አቅፌ፣ ምን ብዬ እንደምዋሽ ሳጠና ሄድኩ።

ሆስፒታል ስደርስ ስንዱ በትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ፊቷ አንሷል፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። ስታየኝ ግን ሳቀች።

"መጣሽ?"

"መጣሁ፣ የኔ ዓለም።"

"ቁጥሩ ስንት ነው ዛሬ?"

"አሥራ ሁለት ነው። ይዤልሽ መጥቻለሁ።" እንቁላሉን አወጣሁ።

በመዳፏ ይዛ አገላበጠችው። ጌታሁን የሻይ ኩባያ አቀረበላት። "አንቺ ስበሪው" አለችኝ። ሰበርኩት። አስኳሉ ቢጫ፣ የሚያምር ነው። መለኪያውን ራሷ ዘርግታ አስጠጋችው፣ ብዙ ጊዜ አየችው።

"አሥራ አንድ ነው" አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "የእትዬ አስካለ ዶሮ ናት?" አለችኝ።

አልጋዋ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ደፋሁት፣ አጠብኩት፣ ጠርሙሱንም አጠብኩት፣ ለስለት ነው፣ ላንቺ ብዬ ነው እያልኩ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ፀጉሬን እየዳበሰች ጠበቀችኝ።

"አውቄዋለሁ፣ እማዬ። ከረቡዕ ጀምሮ አውቄዋለሁ።"

"በምን አወቅሽ?"

"ዶሮ በየቀኑ አንድ ዓይነት አትጥልም። አንድ ቀን አሥራ አንድ፣ አንድ ቀን አሥራ ሦስት ይሆናል። አንቺ ግን አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሁለት።" ልትስቅ ፈልጋ ትንፋሽ አጠራት። "ደግሞ ስትዋሺ ቶሎ ትመልሻለሽ። እውነት ሲሆን መጀመሪያ መለኪያውን ትፈልጊያለሽ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?"

"ታፍሪያለሽ ብዬ።"

"ነይ ብትዪኝስ?"

"ነይ ብልሽ ማወቄን ታውቂያለሽ። በራስሽ እስክትመጪ ጠበቅሁሽ።" ቀጥላም፣ "እርሾውንስ ለኔ ብለሽ ነው የደፋሽው፣ ገብቶኛል። ግን ለኔ ብለሽ አጠገቤ ብትሆኚ ይሻለኝ ነበር" አለችኝ።

ሳትቆጣ ነው ያለችኝ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

እስኪመሽ እጇን ይዤ ተቀመጥኩ። ስለ ዶሮዎቹ ጠየቀችኝ፣ የቷ እንደምትጮህ፣ የቷ እንደምትነክስ ነገርኳት። "መምህሬ ሲመጣ ደብተሬን ስጪው፣ እንዳትደብቂው" አለችኝ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ ልጄ አረፈች።

ደብተሩን የገለጥኩት ከቀብሯ በኋላ ነው። ሰኞ አሥራ ሁለት፣ ማክሰኞ አሥራ ሁለት። ከረቡዕ ጀምሮ የቁጥሩ ቦታ ባዶ ነው። አንድም የውሸት ቁጥሬን አልጻፈችውም። በባዶው ቦታ ግን ሌላ ነገር ጽፋለች። "ረቡዕ፤ ቁጥር የለም። እማዬ ሳቀች።" "ሐሙስ፤ ቁጥር የለም። እማዬን ጉንፋን ይዟታል።" "እሑድ፤ ቁጥር የለም። እማዬ ደክሟታል፣ ትመጣ ይሆን?" ከዚያ በኋላ በየቀኑ ያው ነው። "ቁጥር የለም። አልመጣችም።" የመጨረሻው ዓርብ ነው። "አሥራ አንድ፣ የእትዬ አስካለ ዶሮ። መጣች።"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላል የኛ ሰው። ሁለታችንም እያወቅን፣ እኔ እሷን ላለማስከፋት፣ እሷ እኔን ላለማሳፈር፣ ዘጠኝ ቀን በስልክ ተጨዋወትን። እነዚያ ዘጠኝ ቀኖች የልጄ የመጨረሻ ቀኖች ነበሩ። የሦስት ሰዓት መንገድ ላይ ሆኜ አጠገቧ አልነበርኩም።

መምህሯ ከፋሲካ በኋላ በቀጠሮው መጣ። ደብተሩን ሰጠሁት። አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ። "እናቴ፣ ልጅዎ ሐቀኛ ተመራማሪ ነበረች" አለኝ። ከዚያ እየፈራ፣ "ከእርሾው የቀረ ነገር የለም?" ብሎ ጠየቀኝ። የለም አልኩት። ይህንንም አልዋሸሁም።

እንግዲህ እናንተ የምታነቡ ሰዎች፣ ምክር መስጠት የሚገባኝ ሰው አይደለሁም። ይቺን ብቻ ልበል። ስለት ስትሳሉ የራሳችሁን ተሳሉ። እኔ ጧፍ ነበረኝ፣ በግ ነበረኝ፣ ጉልበት ነበረኝ። ለእመቤቴ የሰጠኋት ግን የልጄን ነበር። እመቤቴም አልጠየቀችኝም፤ ይህንን መምሬ ጥላሁን ነግረውኝ ነበር። ደግሞ ያጠፋችሁበት ሰው ካለ ዛሬውኑ ሂዱ። ጥፋቱን የምታስተካክሉበት ነገር እስክታገኙ አትጠብቁ። ባዶ እጃችሁን ሂዱ።

አሁን በየወሩ ጓሳ እወጣለሁ። አስታ ቅርንጫፍ እቆርጣለሁ፣ አጓት አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ፣ የብቅል ውሃ ጨምሬ እነክርበታለሁ። አንዳንዱ ነጭ ይሆናል፣ አንዳንዱ አረንጓዴ ይሻግታል። ቀይ እስካሁን አልመጣም። ቢሆንም ቶሎ አልደፋም፤ ሳምንት ሙሉ አየዋለሁ። ሁዳዴ ሲገባም ማሰሮዎቼን ዶሮ ቤት አስቀምጣለሁ። ሰው ዘነበች ተለወጠች ይላል፣ ይበል።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አንድ እንቁላል እሰብራለሁ። መለኪያውን ፈልጌ፣ አስጠግቼ፣ ሳልቸኩል አያለሁ። ከዚያ ባዶ ቤት ውስጥ ጮክ ብዬ እናገርና በደብተሯ እጽፈዋለሁ፣ ከ"መጣች" በታች።

ዛሬ አራት ነው፣ ስንዱ። አራት።